«አፏ እኔ ነኝ» ያሉት አያት

የባለቤቴ አባት ልብስ ሰፊ ናቸው። የአራት ዓመቷ ልጄ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ትውላለች። ያን ቀን ወደ ሱቃቸው የገባሁት ተቃጥዬ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ «አፏን ስትፈታ አምጧት» ብሎ መልሶናል። ክፉ ክፉውን ማሰብ ይቀናኛል። መንገዱን ሙሉ የታየኝ፣ እኔ በሌለሁበት ታማ የት እንደሚያማት መናገር ሲያቅታት ነው።

አንዲት ሴት ነጭ ጋዋን ልታሳጥር ቆማለች። ልጄ የልብስ ቁልፍ የሞላበትን ቆርቆሮ በጣቷ አሳየች። ጣቷ ሳይታጠፍ አማቴ አቀበሏት።

«እስክትናገር ቢጠብቋትስ አባባ?» አለች ሴትዮዋ።

«ምን ያስጠብቀኛል? አፏ እኔ ነኝ። አባቷም የተናገረው በአምስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ማን ያስቆመዋል? ደግሞስ ዝምታ ወርቅ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ወርቅ የሚሆነው ለመረጠው ነው። እሷ መቼ መረጠች? ሁለት ዓመት ‹ቆዪ› አሉኝ፣ እኔም ሞኟ ቆየሁ።»

ሴትዮዋ ለካ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ኖራለች። «ዘግይተው በራሳቸው የሚናገሩ ልጆች አሉ» አለች። «እሷ ከነሱ መሆኗ ግን ሳይመረመር አይታወቅም። መጀመሪያ ጆሮዋ ይታይ።»

«ከዚያስ መርፌ ልትወጓት ነው?» አሉ አማቴ።

«መርፌስ የእርስዎ መሣሪያ ነው፤ የእኔ መሣሪያ መጫወቻ ነው። በጨዋታ ከድምፅ ወደ ቃል እናደርሳታለን። ቤተሰቡም አብሮ ይማራል።»

«እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ሆነ» አሉ ፊታቸውን አጥቁረው።

«አይደለም፤ ያዘገያት ፍቅርዎ አይደለም። ግን እርስዎ በሌሉበት አፏ ማን ነው?»

«ክፍል ውስጥ አብረዋት ሊቀመጡ ነው?» አልኩ እኔም፣ አላስችል ብሎኝ።

አማቴ መኪናውን አቆሙ። ቀና ብለው «መቼ እናምጣት?» አሉ።

ጆሮዋ ታይቶ ደህና ሆኖ ተገኘ። በየሳምንቱ ሕክምናውን ጀመርን። አማቴ በታዘዙት መሠረት ቆርቆሮውን ይዘው «ቁልፍ» ይሉና እስክትሞክር ይጠብቃሉ። ሊሰጧት እጃቸውን ይዘረጉና መልሰው ይሰበስባሉ። በስድስተኛው ሳምንት «ቁ» አለች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

አሁን ደንበኛ «ይሄን ነው የፈለግሽው ሚጡ?» ካለ፣ «አፏን አትንጠቋት፤ ትናገር» ብለው ይቆጣሉ።

ሕክምናው ተአምር አይደለም፤ ገና ብዙ ይቀረናል። ግን ልጄ ውሃ ትጠይቃለች፣ እምቢ ትላለች፣ ትምህርት ቤትም ገብታለች። «ቆዪ» የምትባል እናት ሁሉ ምርመራውን አታቆየው። የባከኑት ሁለት ዓመታት ዛሬም ያንገበግቡኛል።

ትናንት ሆዷን ይዛ መጣች። «እማ፣ እዚህ ያመኛል» አለችኝ። ልጇ አመመኝ ስትላት እልል ማለት የቃጣት እናት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።