ለእንቁላል የሚስማማ ጎማ

ምክር ከልቡ የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ግን የሚሸሽበት ስለሌለው ቆሞ ያዳምጣል። የእንቁላል ነጋዴዋ እትዬ ሰዓት ያን ዕለት ማለዳ ዳገቱ መሀል ላይ ቆመው የተገኙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰዓት የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። እንቁላሉን በእግራቸው እየዞሩ በሚያደርሱበት ዘመን፣ በሰው ደጅ ሲያልፉ «እትዬ አለፉ፣ ልጆቹን ቀስቅሱ!» ይባል ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዛላቸው። ብስክሌቷ ዳገት አትፈራም፣ ነዳጅ አትጠይቅም፣ ስትሄድም ድምፅ የላትም። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለባት፤ ጎማዋ በየጊዜው ይበሳል። እትዬም ስንቴ እንደተበሳ መቁጠር ከተዉ ቆይተዋል።

እንዲህ ቆመው ሳለ የልጃቸው ሚስት በዚያ በኩል ስታልፍ አየቻቸው። ምራታቸው በሙያ ማሰልጠኛ ትምህርት ቤት የማሽን ክፍል መምህርት ናት። በእሷና በአማቷ መካከል ጠብ አልነበረም፤ ሰላማቸው ግን እንደተሰነጠቀ እንቁላል ነበር፤ ካልነኩት አይፈስም።

«እንደምን አደሩ እማማ? ምነው ቆሙ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ነፋሻ ቦታ ነው ብዬ ነው።»

ምራት ጎንበስ ብላ የኋላውን ጎማ አየች። መሬት ላይ ተዘርሯል። «እንግፋው እንጂ፤ እኔ ዛሬ የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ነው።»

«ጫማሽ ይበላሻል።»

«ጫማው ይጠረጋል።»

መግፋት ጀመሩ። እትዬ ጥቂት እንደሄዱ የሆዳቸውን ሊይዙት አልቻሉም። «የዚያ አናጢ ሥራ ነው!»

«የጎረቤትዎ? ምን አደረገ?»

«ሚስማር ይበትንብኛላ! ሰው ሲሠራ አይወድም። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፤ ጎህ ሲቀድ በሬ ላይ አጎንብሶ።»

«ሚስማር ሲበትን አዩት?»

«ሲያጎነብስ አየሁት። ሰው በሰው ደጅ ጎህ ሲቀድ የሚያጎነብሰው ምን ሊያደርግ ነው?»

«ጠየቁት እማማ?»

«ምን ብዬ? ሰላምታ ከነሳሁት ቆየሁ። ጥፋቱን ያውቃል።»

ምራት መግፋቷን ቀጠለች። አማት ሲቆጡ ዝም ማለት በትምህርት ቤት ባይሰጥም ከባድ ሙያ ነው።

ኬክ ቤቱ ሲደርሱ ባለቤቱ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ የጨዋ ሰው ቁጣ ደግሞ መልስ የለውም። «እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ምድጃዬ ግን አክብሮት አያውቅም፤ ከጋለ ጋለ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሠርግ ኬክ አለብኝ። ያን ቀን ካረፈዱብኝ ከዚያ ወዲያ በመኪና ከሚያመጣልኝ ትልቅ እርባታ ነው የምወስደው። እንዳይቀየሙኝ።»

እትዬ «አልቀየምም» አሉ፤ ፊታቸው ግን አመድ መስሏል። ኬክ ቤቱ ከሄደ የቀሩት ደንበኞች ለዶሮዎቹ መኖ እንኳ አይበቁም፤ ዶሮዎቹን መሸጥ ነው። ከዚያ በኋላ የልጅ እጅ ማየት ይመጣል፤ ይህን ደግሞ ከሞት አስበልጠው ይፈሩታል።

ግቢያቸው ሲገቡ ምራት ሻንጣዋን አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ተይው፣ ጎሚስታ ይለጥፈዋል» አሉ እትዬ። «ሲበሳ ማስለጠፍ ነው፤ ጎማ ከተፈጠረ ጀምሮ የኖረ ደንብ ነው።»

«ተራ ብስክሌት ቢሆን እውነትዎን ነው። የእርስዎ ግን ሞተሩ ያለው የኋላው እግር ውስጥ ነው። ጎማውን ለማውጣት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሽቦው መነቀል አለበት፣ ከዚያ ብሎኑ ይፈታል፣ ከዚያ ያ ሁሉ ብረት ይነሳል። ጎሚስታውም ሽቦውን ስለሚፈራ ሥራውን ሲያጓትት ይውላል። ደግሞም ባትሪው፣ ሞተሩ፣ እንቁላሉ፣ እርስዎም ጭምር የሚያርፉት ጎማው ላይ ነው። ጭነት ሲበዛ የሚወጋው ነገርም አጥብቆ ይገባል።»

«ወፍራም ነዎት ለማለት ይሄን ያህል መንገድ መዞር አያስፈልግም ነበር።»

«ኧረ እማማ!»

«ግዴለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏል።»

«እስኪሄድ ግን ባለ ኬክ ቤቱ አይጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠልም ተብሏል እኮ።»

እትዬ ተረት በተረት ሲመለስባቸው አይወዱም። መኖውን ለዶሮዎቹ ከሚገባው በላይ በተኑ። «እሺ፣ ቅጠሉ ምንድነው?»

«ድፍን ጎማ። ውስጡ አየር የሌለው። ሚስማር ቢገባበት እንኳ የሚወጣ አየር ስለሌለ አይተነፍስም፣ ፓምፕም አያውቅም።»

«አየር የሌለው ጎማ ድንጋይ ነው።»

«እንሞክረዋ!»

«እንሞክረው። ግን በንግግር አይደለም፤ በእንቁላል ነው።»

በማግስቱ ምራት ሁለት ድፍን ጎማ ገዝታ መጣች። ጎማው ቸርኬው ላይ አልገባም ብሎ አስቸገረ። በሳሙና ውሃ አሹት፣ በብረት አነሱት፣ በመጨረሻ እትዬ «እስኪ ዞር በይ» ብለው ተቀመጡበትና ገባ። ያን ጊዜ ምራት ስለ ክብደት አንዳች አልተናገረችም፤ ብልህ ናት።

አንድ ትሪ እንቁላል በብስክሌቷ ሳጥን ጭነው እትዬ በድንጋይ ንጣፉ መንገድ ወርደው ወጡ። ሲመለሱ ጥርሳቸው ገና ይንገጫገጫል። ከብስክሌቷ ወርደው የሳጥኑን ክዳን ከፈቱ። ቢጫ ፈሳሽ በሳጥኑ ሥር ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

«ለባለ ኬክ ቤቱ ሥራ አቀለልሽለት» አሉ። «ተመትቶ ነው የሚደርሰው።»

የተማረ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። እንቁላሉ ሲሰበር ለመጽሐፉ ጥብቅና የሚቆም አለ፤ ጨርቅ አምጥቶ የሚጠርግም አለ። ምራት ጨርቅ አመጣች።

«ተሳስቻለሁ እማማ። ስለ ጎማው አሰብኩ እንጂ ስለ ጭነቱ አላሰብኩም። ድፍን ጎማ ለማይሰበር ዕቃና ለለስላሳ መንገድ ነው። ለእርስዎ ወገብም አይሆንም፤ ክብደቱም ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።»

እትዬ ሊስቁ ተዘጋጅተው ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም። መምህርት የሆነች ሰው «ተሳስቻለሁ» ስትል ሰማዩ አልወደቀም፣ እሷም አላነሰች። ይህን አላሰቡትም ነበር። ሄደው ሻይ አፈሉላት።

ሻዩን እየጠጡ ምራት የድሮውን ጎማ ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ውስጡን ትዳስስ ጀመር። ድንገት «ኡፍ!» አለችና የወጋትን ነገር በጥፍሯ መንቅራ አወጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ ለአማቷ አሳየች።

«ሚስማሩ ይኸውልሽ!» አሉ እትዬ።

«ሚስማር አይደለም። እሾህ ነው።»

እሾህ ነበር፤ ቆልመም ያለ፣ ጫፉ የጠቆረ። ጎማው ውስጥ ሌሎችም ነበሩ፤ አንድም ብረት የለም። እትዬ ያን እሾህ ከእጃቸው መስመር ይልቅ ያውቁታል። ድመት ጫጩቶቹን እንዳይበላ ግቢያቸውን ያጠሩበት ቁጥቋጦ ነው። በየሳምንቱ ራሳቸው ይከረክሙታል፤ ክርክሙንም ራሳቸው በመጥረጊያ ወደ ደጅ ያወጡታል። ሁለቱም ሴቶች ቀና ብለው አጥሩን አዩት። አጥሩ ምንም አላለም።

እትዬ «ሻይሽ ቀዘቀዘ» አሉ።

ምራትም ስለ አናጢው አላነሳችም። «አጥሩ ይቆረጥ?»

«ጫጩቶቹስ? አጥሩ ይቆያል። ሌላ መላ ካለሽ አምጪ፤ ቅዳሜ ደርሷል።»

«አለ። እንደ ድሮው አየር ያለው፣ ግን ከመርገጫው ሥር ወፍራም ንጣፍ የተደረገበት ጎማ ነው። እሾሁ ገብቶ ገብቶ ንጣፉን ሳይጨርስ ራሱ ያልቃል። አየር በሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ በካላማዳሪያው፣ ደግሞ ፈሳሽ ይጨመራል፤ ትንሽ ቀዳዳ ሲያገኝ ፈሳሹ እዚያው ረግቶ ይደፍነዋል። አየር ስላለው እንቁላሉን አይንጠውም።»

«ፈጽሞ አይበሳም?»

«እንደሱ አልልም። ረጅም ሚስማር ከመጣ ሊበሳ ይችላል። አየሩም እንዳይጎድል በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል፤ የላላ ጎማ ቶሎ ይበሳል።»

«አሁን አመንኩሽ» አሉ እትዬ። «ፈጽሞ አይበሳም ብትዪኝ ኖሮ በሩን ነበር የማሳይሽ።»

ቅዳሜ ማለዳ እትዬ ምራታቸው በገጠመችላቸው አዲስ ጎማ እንቁላላቸውን ጭነው ወጡ። ከበራቸው ሳይርቁ ከጎማው ሥር የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ። ከዚህ በፊት ቀጭ ማለት መግፋት ማለት ነበር። ጆሯቸውን ጣሉ፤ የሚተነፍስ ነገር የለም። ድንጋይ ንጣፉን ቀስ ብለው አለፉ፣ ዳገቱን ወጡ። ኬክ ቤቱ ሲደርሱ በሩ ዝግ ነበር። በቡጢ ደበደቡት።

ባለ ኬክ ቤቱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። «እትዬ! ገና ነው እኮ!»

«አንተ ነህ ያረፈድከው» አሉት።

ከሳጥኑ አንድም እንቁላል አልተሰነጠቀም። ባለ ኬክ ቤቱ የእርባታውን መኪና ስም እንኳ አላነሳም፤ ይልቁንም የሚቀጥለውን ሳምንት ጨመር አድርጎ አዘዘ። እትዬ ሲመለሱ ሊዘፍኑ ምንም አልቀራቸው። ምራታቸው ግን በሩ ላይ ሁለቱን ድፍን ጎማዎች ይዛ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«እነዚህን ምን እናድርጋቸው እማማ? ዝም ብለው እንዳይቀመጡ። የአናጢው ጋሪ እግር የብስክሌት እግር ነው፤ ልኩ አንድ ነው።»

እትዬ የገባቸውን ነገር ያልገባቸው ለመምሰል ሞከሩ፤ አልሆነም። «አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ስንቴ ነው የሚሸነፈው?» አሉና ጎማዎቹን ተቀብለው ወደ ጎረቤት ተሻገሩ።

አናጢው በር ይልግ ነበር። እትዬ ደጁ ላይ ሲቆሙ መላጊያው ከእጁ ወደቀ።

«ጋሪህን አምጣው» አሉት፤ ሰላምታም አላስቀደሙ።

«እትዬ?»

«ጋሪህን! ይሄ ድፍን ጎማ ነው። አየር የለውም፣ አይበሳም፣ አይተነፍስም። ለእኔ ሸክም አይሆንም፤ እንቁላል ይመታል። ያንተ ጣውላ ግን ቢንቀጠቀጥ አይፈስም። ከእንግዲህ ጎሚስታ ደጅ አትሰለፍም፣ ገበያ መሀል ጋሪ አትጎትትም፣ አልጋ ያዘዘህ ሰው ወለል ላይ አያድርም። የጊዜህ ጌታ አንተው ነህ። ሰው ጎማውን እንደ ጭነቱ መምረጥ አለበት፤ ለስስ ጭነት አየር ያለው ወፍራም፣ ለደንዳና ጭነት ድፍን። የተበሳን ነገር ሲለጥፉ ከመኖር እንዳይበሳ ማድረግ ይሻላል። መንገዱን እሾህ ሞላው እያሉ ከማማረር ጎማን ማጠንከር፣ ደጅንም…» እዚህ ላይ ምላሳቸው ተያዘ። ወዲያው ደግሞ ስለ ፈሳሹ ጀመሩ፤ ፈሳሹ ሲያልቅ ስለ ባትሪው፣ ባትሪው ሲያልቅ ስለ ወገብ ሕመም። ሊሉት የመጡት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱን ላለማለት የማሽን ክፍሉን ትምህርት በሙሉ አስተማሩ። ተከትላቸው የመጣችው ምራት ከኋላቸው ጉሮሮዋን ጠረገች።

አናጢው እስኪጨርሱ በትዕግሥት ቆየ። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። የእርስዎ ብስክሌት ከእንግዲህ የማትበሳ ከሆነ እኔም ከዚህ ማረፌ ነው» ብሎ ከኪሱ በሲባጎ የታሰረ ጥቁር ብረት አወጣ።

«ምንድነው እሱ?»

«ማግኔት ነው። ሚስማር ከሱቄ እየወጣ ጎማዎን እንዳይበሳ ብዬ ጎህ ሲቀድ በርዎ ላይ እጎትተዋለሁ። ጎማዎ መበሳቱን አልተወም፤ እርስዎም አኮረፉኝ። የሚያመልጠኝ ሚስማር አለ ማለት ነው ብዬ ይበልጥ ማልጄ መነሳት ጀመርኩ።»

እትዬ የተከመረው ጣውላ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። በየማለዳው በመስኮት ቆመው የረገሙት ይህንኑ ሰው ነበር።

«ሚስማር አልነበረም» አሉ በመጨረሻ። «እሾህ ነው። የኔ አጥር እሾህ፤ እኔው ከርክሜ፣ እኔው ጠርጌ ወደ ደጅ ያወጣሁት። ስታጎነብስ አየሁህ፤ ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

አናጢው ማግኔቱን አየው፣ እሳቸውን አየ። «ለካ እሾህ ነው!» አለና ከትከት ብሎ ሳቀ። «እኔም ነገ ከዚህ የሚበልጥ ማግኔት ልገዛ ነበር እኮ!»

እትዬም እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

«ነገ ጎህ ሲቀድ አርፈህ ተኛ» አሉት። «ደጁ የኔ ነው፤ እኔው እጠርገዋለሁ።»