አዘጋጅ የሌለው ገጽ

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የመጻሕፍት ጥቅል ለመላክ ፖስታ ቤት ሄጄ ሳለ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። ጉልበታቸው ላይ የታሸገ ፖስታ አለ። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ለኢንተርኔቱ ዋና አዘጋጅ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከዚያ በታች ያለው መስመር ግን ባዶ ነው። እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝና የጠፋ ነገር ማፈላለግ ሙያዬ ነው። ልርዳዎት ወይ ብዬ ጠጋ አልኩ።

ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሠሩ መካኒክ ናቸው። የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች በእንፋሎት የሚቀቀሉበትን ትልቅ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ስለወጡ ሰው ሁሉ «ጋሽ እንፋሎት» ይላቸዋል። ያስቆጣቸውን ነገር ቀስ ብለው አስረዱኝ። የእህታቸው ልጅ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኞች የሚጠያየቁበትን አንድ ገጽ ስልካቸው ላይ ከፍታላቸው ኖሯል። ዛሬ ጠዋት አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ፣ መቀቀያችን ገና በደንብ ሳይሞቅ በመተንፈሻ ቫልቩ እንፋሎት እየለቀቀ አስቸገረን፣ ምን ይሻለኛል ብላ ጠይቃለች። አንዱ ደግሞ ቫልቩን በሽቦ ጥፍር አድርገሽ እሰሪው ብሎ መልሶላታል። እሷም አመስግና፣ ከሰዓት በኋላ እንደምትሞክረው ጽፋለች።

«ቫልቩ ከታሰረ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል» አሉኝ። «መውጫ ያጣ እንፋሎት በሩን ገንጥሎ ይሄዳል፤ ፊቱ የቆመ ሰው አይተርፍም። ይህን ያሳተመው አዘጋጅ የት እንደሚገኝ ይንገሩኝና ደብዳቤዬን ልላክለት።»

አዘጋጅ የለውም አልኳቸው። አላመኑኝም። ጽሑፍ ካለ አዘጋጅ አለ፣ አዘጋጅ ካለ ቢሮ አለ፣ ቢሮ ካለ አድራሻ አለ ብለው ሞገቱኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ግራ ገባኝ። በየቀኑ የምጠቀምበትን ነገር ማስረዳት አቃተኝ።

በዚህ መሃል የእህታቸው ልጅ መጣች። አጠገቡ ባለው የፎቶኮፒ ቤት ትሠራለች። በዚሁ ጉዳይ ቁርስ ላይ ተጨቃጭቀው አጎቷ ቱግ ብለው ስለወጡ ስትፈልጋቸው ነበር። ሰላምታ ሰጥታኝ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ ደብዳቤ የሚደርሰው በሳምንቱ ነው፤ ነርሷ ማሽኑን የምታስነሣው ዛሬ ነው። መልሱን እርስዎ ይጻፉላት።»

«እኔን ማን ጸሐፊ አደረገኝ?»

«ሽቦ እሰሪ ያላትንስ ማን አደረገው?»

ልጅቱ እኔ ያቃተኝን ነገር በቀላሉ አስረዳቻቸው። ኢንተርኔቱ ድሮ ጥቂቶች ጽፈው ብዙዎች የሚያነቡት፣ መስታወት ተገጥሞለት የተቆለፈ የማስታወቂያ ሰሌዳ ዓይነት ነገር እንደነበር፣ አሁን ግን ቁልፉ ተከፍቶ አንባቢው ራሱ ጸሐፊ እንደሆነ ነገረቻቸው። ጋሽ እንፋሎት ይህን ሲሰሙ የበለጠ ደነገጡ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማችሁም? ደግሞ ያንን መልስ አርባ ሰው ወዶታል ይላል። ውሸት በድምፅ ብልጫ እውነት ይሆናል?»

ጥያቄው ከባድ ነበር። ልጅቱ ገጹን ትከላከላለች ብዬ ስጠብቅ አልተከላከለችም።

«አይሆንም» አለች። «አርባው ሰው የወደደው ስለማያውቅ ነው። የሚያውቀው ሰው ግን ፖስታ ታቅፎ እዚህ ተቀምጧል።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።»

«ከእርስዎ አፍ አይገባ ይሆናል። ማሽኑ ፊት የምትቆመው ግን እሷ ናት።»

ሽማግሌው ስልኩን ለልጅቱ አቀበሏትና እኔ ልበል አንቺ ጻፊ አሏት። ቫልቩ ፈጽሞ እንዳይታሰር፣ ማሽኑ ጠፍቶ ጨርሶ እንዲቀዘቅዝ፣ የግፊት መለኪያው ዜሮ ላይ መድረሱ እንዲታይ፣ ከዚያ ቫልቩ ተፈቶ መቀመጫው ላይ የተጋገረው የውሃ ዝቃጭ በብረት ብሩሽ እንዲፈተግ፣ ሞላው ማለትም ስፕሪንጉ ከላላ ደግሞ እንዲቀየር አስጻፉ። በጥድፊያ ሳይሆን በሥርዓት፣ ለሰልጣኝ እንደሚያስተምሩ ሆነው ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ምላሽ የነርሷ አልነበረም። በራሱ ፎቶ ፈንታ የድመት ፎቶ የለጠፈ አንድ ሰው፣ እርስዎ ማን ነዎት፣ ምን ማስረጃ አለዎት ብሎ ጠየቀ። ጋሽ እንፋሎት ፊታቸው ጠቆረ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ ድመት ትመርምረኝ እንዴ ብለው ጽሑፉ እንዲጠፋ አዘዙ። የእህታቸው ልጅ ግን እጇን ሰበሰበች። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልዎት ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ቁልፍ ያስይዙት ነበር ወይ አለቻቸው። እንደማያስይዙት አመኑ። እያጉረመረሙም ቢሆን ዕድሜያቸውን፣ የሥራ ዘመናቸውንና የጠገኗቸውን ማሽኖች ዓይነት አስጻፉ። ድመቱም አመሰገነ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነርሷ ጻፈች። ቫልቩን በሽቦ አስራው ኖሯል፤ ማሽኑን ግን ገና አላስነሣችውም ነበር። «ሽቦውን አሁን ፈታሁት። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ላስነሣው ነበር፣ አባቴ» ይላል። ጋሽ እንፋሎት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ልጅቱንም ደግማ እንድታነብላቸው ጠየቋት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ወዲያው አንዲት የማያውቋት ሴት ጠጋኝ፣ የጋሼ ምክር ትክክል ነው፣ ነገር ግን የብረት ብሩሽ የቫልቩን መቀመጫ ስለሚጭረው ዝቃጩን በኮምጣጤ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል ብላ ጻፈች። ሽማግሌው ተነሥተው ቆባቸውን አደረጉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔና ልጅቱ ተያየን፤ ተቀይመው ቀሩ ብለን ነበር።

በማግስቱ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። የማሽኑን የጥገና መጽሐፍ ገና ከቤት እንደገቡ፣ ምሳቸውን እንኳ ሳይበሉ ከቁም ሣጥን አውጥተው ማየታቸውን ነገሩኝ።

«ሴትዮዋ ልክ ናት» አሉ። «የጠገንኩት ቫልቭ ዓመት ሳይሞላው መልሶ ሲያንጠባጥብ ፋብሪካውን ስራገም ነበር የኖርኩት። የጫርኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ሰልጣኞቼ ይፈሩኝ ነበር፣ አለቆቼ አያውቁም። አሁን ፊቷን አይቼ የማላውቃት ሴት በአንድ መስመር ነገረችኝ። ይህ ነገር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብዬ ስጨነቅ አደርኩ።»

ምን ላይ እንደደረሱ ጠየቅኳቸው።

«ግራ መጋባቴ አልለቀቀኝም። ግን የገባኝ ነገር ይህ ነው። አላዋቂ ሲጽፍ አዋቂ ዝም ካለ ገጹ የአላዋቂ ይሆናል። አዋቂም ጽፎ ካልታረመ ስሕተቱን ይዞት ይሞታል። አዘጋጁ የት ነው እያልኩ ስፈልግ ነበር፤ ለካ ሥራው ለሁላችንም ተከፋፍሏል።»

ያን ዕለት በገዛ ጣታቸው፣ አንድ ፊደል በአንድ ፊደል እየለቀሙ፣ መሳሳታቸውን ጽፈው ሴትዮዋን አመሰገኑ። እኔም ከዚህ የተማርኩትን ለአንባቢ ላካፍል። ያዩትን ሁሉ ማመን ሞኝነት ነው፤ ብዙ ሰው ስለወደደውም እውነት አይሆንም። ነገር ግን የሚያውቁትን ለጠየቀ መንገር፣ የነገሩንን መመርመር፣ ሲታረሙም አለመቀየም ከተለመደ፣ ርቃ ብቻዋን የምትሠራ ነርስ ብቻዋን አትሆንም። በአንድ ሰው እጅ ተደብቆ የኖረ ሙያም ከእርሱ ጋር አይቀበርም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእህታቸው ልጅ ወደ ፎቶኮፒ ቤቷ ጠርታ ስልኩን አሳየችኝ። አንድ ሰው ጋሽ እንፋሎት አይተውት ስለማያውቁት አዲስ ማሽን ጠይቋቸው ነበር። እሷ እንደምትለው፣ አጎቷ በሕይወታቸው «አላውቅም» ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ከጥያቄው ሥር ግን በስማቸው እንዲህ ተጽፏል፦ «ይህን አላውቅም። የምታውቁ ንገሩን፣ እኔም ልማር።»