መጨረሻ የነካው ማነው?

ክቡር ዳይሬክተራችን አቶ ግዛቸው፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ኬኩም ያምራል። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍል ስገባ ጸጉር ነበረኝ፤ እሱን አስረክቤ ነው የምወጣው።

የክፍላችንን ሕግ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ሲበላሽ "መጨረሻ የነካው ማነው?" እንላለን። ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ምርመራው አለቀ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ባልደረባችን ሩሀማ የሰርቨሮቹን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ አዲሱ ቨርዥን ቀየረች። በማግስቱ የምዝገባው ፕሮግራም አልነሳም አለ። "ውጤት የሚያሰላውን ፈንክሽን አላገኘሁትም" ይላል። ከየክልሉ የመጣ ተማሪ ሻንጣውን እንደያዘ ሦስት ቀን ተሰለፈ። መጨረሻ የነካው ማን ነበር?

"ጋሼ፣ የኮድ ላይብረሪውን ከፍቼ አየሁት፤ የፈንክሽኑ ስም እኮ ውስጥ አለ!" አለችኝ።

"ካለማ ይገኝ ነበር" አልኳት።

ልክ ነበረች። ፕሮግራሞቻችን ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበትን ያንን ላይብረሪ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአሮጌው ሲስተም ውስጡ ያለ ስም ሁሉ ከውጭ ይታይ ነበር። በአዲሱ ላይ ስንገነባው ግን የሚታየው "ይታይ" ብለን የዘረዘርነው ብቻ ሆነ። እኔ ያንን ስም አልዘረዘርኩትም። አሥራ አንድ ዓመት ሳይነቃብኝ የቆየ ስንፍና ነው።

በአራተኛው ቀን ደረስኩበት። አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ተነሳ። "ምን ሆኖ ነው?" ስትሉኝ "ተስተካክሏል" አልኩ። አጨበጨባችሁልኝ። ሩሀማ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ የደረጃ እድገቷም ቀረባት። እኔ ዝም አልኩ። ለምን? ጋሼ በቀለ አይሳሳትም ትሉ ነበራ! ጣፈጠኝ። አሁን አፍሬበታለሁ።

ሰኞ የእድገት ኮሚቴው እንደገና ይቀመጣል። አቶ ግዛቸው፣ ይህ ፖስታ ለእርስዎ ነው። የሆነውን ከነቀኑ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ማስጠንቀቂያው ከሩሀማ ማኅደር ይውጣልኝ። ኬኩን ብትከለክሉኝ አልከራከርም።

ሩሀማ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬ ባይሆንልሽ አልቀየምም።

ነገ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ነኝ፤ ዓሣ አዲስ ቨርዥን የለውም። እናንተ ግን ሕጋችሁን ለውጡ። ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የጻፈውን ጠይቁ፤ ስልኬ ክፍት ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ጥፋቱን በሰዓቱ የሚናገር ባልደረባም ይስጣችሁ።