ካስማ የማይመታበት ጣሪያ

ክቡር አቶ ቶሌራ፣ ኢንጂነር ሌንሳ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ! በዕረፍት ቀናችሁ፣ የካምፓላን የመኪና ጃም ታግላችሁ፣ እስከዚህ የጋያዛ ኮረብታ ድረስ እኔን ኤርሚያስን ለመሸኘት መምጣታችሁን ሳይ ደስታው መቆሚያ አሳጣኝ። ያክብርልኝ! ድግሱን ካምፓኒው ቻለ፤ ጣሪያውን እኔ ቻልኩ።

አዎ፣ ጣሪያውን! አንተ ባለ ነጭ ሸሚዙ፣ ምነው ደነገጥክ? አዲስ ተቀጣሪ ስለሆንክ አይፈረድብህም። የተቀመጥክበት ሣር የቤቴ ጣሪያ ነው፤ ሳሎኔ ከወንበርህ ሥር ነው። ኧረ አትነሣ! ያን ግዙፉን ሙሲሲን የቻለ ጣሪያ አንተ ምንም አትሆንበትም።

ይሄ አጠገቤ የቆመው ቱቦም የማይክ ማቆሚያ እንዳይመስላችሁ። የማድቤቴ አየር መውጫ ነው። ባልደረባችን ያብስራ ነው ማይኩን በፕላስተር ጠፍሮ ያሰረበት። ያብስራ ልጄ፣ አንተ እኮ ፕላስተር ካለህ ቤትም ትሠራለህ!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህን ሥራ ስንጀምር ማን አመነን? አቶ ቶሌራ ያኔ ሜንጎ በተከራዩአት ጠባብ ቢሮ ጠርተውኝ፣ "ኤርሚያስ፣ አፈር ውስጥ ቤት ልንሠራ ነው" አሉኝ።

"ጌታዬ፣ ቁርስ በልተዋል?" አልኳቸው።

ይኸው አሉ፣ ይመስክሩ! ያን ጊዜ ከመንገድ ዳር ሮሌክስ የሚሉትን ጥቅል ቻፓቲ አስመጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ብዙ አወሩ። ቻፓቲው አፈሩ ነው፣ ውስጡ የተጠቀለለው እንቁላል ቤቱ ነው፣ እያሉ። በመጨረሻ "በል ቅመሰው፤ እንቁላሉ በረደ?" አሉኝ። አልበረደም። በላሁትና በዚያው ሥራውን ጀመርኩ።

ሲወራ ቀላል ነው። የኮረብታውን ጎን ትቆርጣለህ፣ ግድግዳ ታቆማለህ፣ ውሃ እንዳያስገባ ወፍራም ላስቲክ ታለብሰዋለህ፣ ዙሪያውን ጠጠር ትሞላለህ፣ ከዚያ የቆፈርከውን ቀይ አፈር መልሰህ ታለብሰውና ሣር ትተክልበታለህ። ፊቱን ብቻ ለፀሐይ ትተዋለህ። ውጤቱን ግን እናንተ ታውቁታላችሁ። ውጭ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ዝናቡስ? በቆርቆሮ ቤት ዝናብ ሲወርድ ባልና ሚስት በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። እዚህ ግን መዝነቡን የምታውቀው በመስኮት ስታይ ነው። አቤት ጸጥታው! እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼው ዛሬም ስናገረው ልቤ ይዘላል።

አንድ ቀን እንጨት የሚያመጣልን የቦዳ ሞተር ሳይክል ሹፌር ደወለልኝ። "ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ቤቱ ጠፋኝ" አለ።

"የት ነህ?"

"ሣር ላይ ነኝ። ፍየሎች አሉ።"

"በቃ ደርሰሃል። ውረድና በሩን አንኳኳ" አልኩት። ሰውዬው ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። እንጨቱንም ይዞት ሄደ!

ሙሲሲን ደግሞ ሳላነሳ ባልፍ ይቀየመኛል። ኤክስካቫተር ሲነዳ እንቁላል ቅርፊት የሚልጥ ነው የሚመስለው። የዚህ አገር ሰው ሆኖ አማርኛ ያስተማርነው እኛ ነን፤ እግዜር ይቅር ይበለን። "ቆፍር"፣ "ቀስ በል" እና "ብላ" ብቻ ነበር የሚያውቀው። አንድ ጊዜ ሐዘን ቤት ይዘነው ሄደን፣ የሚለው ጠፍቶት ባለቤቲቱን "ቀስ በል፣ ብላ" አላት። ከሁላችንም የተሻለ ያጽናናት እሱ ነው።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልምጣ። አትሳቁ! ገና ሳልጀምር ምን ያስቃችኋል?

ለማያውቁት ልንገር። የመጀመሪያ ቤታችንን የሠራነው ለአንዲት የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበር፤ ማማ ናካቶ እንላታለን። ቁልፍ የምናስረክብ ዕለት ካምፓኒው ድግስ አዘጋጀ። ምግቡን ያቀረበችው ባለቤቴ አሰፋሽ ናት፤ ቡጎሎቢ ያለውን ምግብ ቤቷን የማያውቅ እዚህ መካከል ያለ አይመስለኝም። እኛ ሐበሾች ደግሞ ድግስ ካለ ድንኳን ካልተተከለ የበላን አይመስለንም። አሰፋሽ ቀድማ ደረሰች። ዙሪያውን ስታይ ያማረ፣ የተደላደለ፣ አረንጓዴ መስክ አገኘች። "እዚህ ትከሉት" አለች። አስተናጋጆቿ የብረቱን ካስማ ሁሉ በመዶሻ እስከ አንገቱ ቀበሩት።

በላን፣ ጠጣን፣ ጨፈርን። በማግስቱ ዶፍ ወረደ። ማማ ናካቶ ደወለች፦ "ሚስተር ኤርሚያስ፣ ቤቱን በጣም ወድጄዋለሁ። ሳሎን ውስጥ ሻወር እንዳለው ግን አልነገርከኝም።"

ላስቲካችን ወንፊት ሆኗል! ያን ሁሉ አፈር እንደገና ስናወርድ፣ ስንለጥፍ፣ ስንመልስ የነበርነውን ታስታውሳላችሁ። አቶ ቶሌራ ራሳቸው ሱሪያቸውን ጠቅልለው አካፋ ይዘው ነበር። ማታ ቤት ገብቼ፣ "አሰፋሽ፣ ጣሪያ ላይ ካስማ ይመታል?" ብላት፣

"ጣሪያ መሆኑን ማን ነገረኝ? ሣር ያበቀለ ጣሪያ የት አገር አይቻለሁ?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የካምፓኒያችን ደንብ ይኸው ነው፦ ድንኳን እንተክላለን፣ ካስማ አንመታም። የዛሬውንም እዩት፤ ገመዱ ሁሉ የታሰረው በአሸዋ ጆንያ ነው። እኛን የማያውቅ ሰው ድንኳኑ እንዳይሄድ በጆንያ ያስጠበቅነው ነው የሚመስለው።

ለእኛ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ለአሰፋሽ ግን አልቀረም። ጉልበቴ ደክሞ ጡረታ ልወጣ ሳስብ፣ "እኛም አንድ ቤት እንሥራ" አልኳት።

"የት?"

"ጋያዛ፣ ኮረብታው ላይ።"

"ላዩ ላይ ነው ውስጡ?"

"ሻይ ልቅዳልሽ?" አልኳት።

"ኤርሚያስ፣ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው? እኔ ከአገሬ የወጣሁት ለመኖር ነው። አፈር እንደሆነ የትም አይሄድብኝም፤ ቀኑ ሲደርስ እገባለሁ። ደግሞ ካስማ የሚበሳው ምን ቤት ነው?" አለችኝ። ቀጥላም፣ "አንተ ግባ። እኔ ከቡጎሎቢ ፎቄ አልወርድም። እሑድ እሑድ እየመጣህ ትጠይቀኛለህ" አለች።

ትስቃላችሁ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ወደዚህ ከተማ ስንገባ እኔና እሷ አንዲት ሻንጣ ለሁለት ይዘን ነው። ማንንም አናውቅም ነበር። ያለ እሷ ይሄ ቤት ምን ያደርግልኛል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እፈራለሁ። ሥራውን ለቅቄያለሁ፣ ቤቱ አልቋል፣ እሷ ግን ግንባታው ሲካሄድ አንድም ቀን ልታየው አልመጣችም።

ግን እኔም ግትር ነኝ። ቡጎሎቢ ማድቤቷ ውስጥ ሆና የምታማርረውን ሁሉ ለሌንሳ አቀብላት ነበር። "መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያሳየኝ" ስትል፣ ሌንሳ ሸለቆው ሁሉ የሚታይበት መስኮት ሣለች። "ጨለመብኝ" ስትል ከጣሪያው ላይ ክብ መስተዋት ወጣ። ያው፣ እዚያ አጥር የተሠራለት ነው፤ እንዳትረግጡት። መጨረሻ ላይ ሌንሳ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ማድቤት ያለው ቤት ነው ወይስ ቤት ያለው ማድቤት?" ብላኛለች። አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ለእሷ ግን ይህን ትንፍሽ አላልኩም። አይታ ትፍረድ ብዬ ነው።

ዛሬ መጣች። ለማየት እንዳይመስላችሁ፤ "የባሌን መሸኛ ሌላ ሰው አያበስልም" ብላ ነው። እግሯ ግን ደጃፉን አልረገጠም። ሲጊሪ የሚሉትን የከሰል ምድጃዋንና ድስቶቿን ከታች ማንጎው ዛፍ ሥር ደርድራ፣ "እዚሁ ይሻለኛል" አለች። እኔም በሩን ክፍት ትቼ ወደ እናንተ ወጣሁ። ይኸው ከዚህ ሆኜ ማንጎውን...

ቆይ። የታለች?

ሲጊሪው አለ። ድስቶቹ የሉም። ያብስራ፣ አንተ ጋ ትታያለች? መኪናው ጋስ? ምን? ምን ይሸታል ነው የምትለው?

ኧረ በስመአብ! ሽንኩርት ነው! ክቡራትና ክቡራን፣ ሽንኩርት እየተቁላላ ነው! ከየት ነው የሚመጣው? ከዚህ ከቱቦው! ሙሲሲ፣ ና አሽት! ጠጋ በሉ፣ ሁላችሁም ጠጋ በሉ፤ ጣሪያው ይችላል! ማድቤቴ ውስጥ ሰው አለ!

እሽ... ጸጥ በሉ፣ እየተናገረች ነው።

"ኤርሚያስ!"

"አቤት!"

"የለፈለፍከውን ሁሉ በዚህ በቱቦህ ሰምቼዋለሁ! ጣሪያ ላይ ሣር ያበቀለው ማን ሆኖ ነው በካስማው እኔን የምታሳጣኝ?"

"ይቅርታ፣ እመቤቴ!"

"የገባሁትም ነፋሱ ከሰሉን አላስይዝ ቢለኝ ነው። ሌላ እንዳይመስልህ!"

"አይመስለኝም!"

"ደግሞ ይሄ መስኮት መጋረጃ የለውም። ሰኞ ሄደን እንገዛለን። እኔ የምመርጠውን ነው፣ ሰማህ?"

ሰማችሁ? መጋረጃ አለች! እንገዛለን አለች! አቶ ቶሌራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሚያስለቅሰኝ ሽንኩርቱ ነው። አይደለም፣ ሽንኩርቱ አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው!

በሉ እንግዲህ፣ የቀረውን ንግግሬን ኪሴ ውስጥ ትቼዋለሁ። መርቄያችሁ ልውረድ። የምትሠሩት ቤት አይንጠብባችሁ። የቆፈራችሁት አፈር እንጀራ ይሁናችሁ። ገና ቤት የሌላችሁ፣ ከአገራችሁ የራቃችሁ፣ በኪራይ የምትንከራተቱ ሁሉ፣ በራሳችሁ በር የምትገቡበትን ቀን ያሳያችሁ። ያገባችሁ ከእነትዳራችሁ ያኑራችሁ፤ ያላገባችሁ የሚቆጣችሁ አትጡ። ካምፓኒያችንን ያስፋልን፤ ሙሲሲን አራተኛ የአማርኛ ቃል ያስተምርልን።

አሜን በሉ እንጂ!

አሁን ተነሡ። ወንበሮቹን ተዉአቸው። በደረጃው በኩል ቀስ እያላችሁ ውረዱ፤ በሩ ከታች ነው፣ ክፍት ነው። ዛሬ የምንበላው ውስጥ ነው።