በሬ ገዢው ያላየው አፍ

ቆቦ ገበያ በሬ ልሸጥ ወጥቼ ያጋጠመኝን ሰውዬ ልንገራችሁ። ከሮቢት የመጣ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። ሦስት ዓመት የሚሆናትን ልጁን በአንድ እጁ አቅፎ፣ በሌላው የበሬዬን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን አንድ በአንድ መረመረ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጣቱ ነካ፣ አሁንም አየ። ደላላ እንኳ እንዲህ አይመረምርም! «ጥርሱስ ግሩም ነው፤ ምን እያጠጣህ ነው ያሳደግከው?» አለኝ። «ውሃ ነዋ!» አልኩት።

ይሄኔ ልጅቱ ስታለቅስበት ከኪሱ ጡጦ አወጣና አጎረሳት። ውስጡ ያለው ቀይ ለስላሳ ነው። አፏን ስትከፍት ሳይ ዘገነነኝ፤ የፊት ጥርሶቿ በስብሰው ጥቁር ጉቶ ብቻ ቀርቷል። «ወንድሜ፣ ውሃ ወይ ወተት ብትሰጣት አይሻልም?» ስለው ከት ብሎ ሳቀብኝ። «እግዜር ሰጥቶኝ ሳለ ልጄን እንደ ከብት ውሃ ላጠጣት?» አለ። «እንደ ከብት ብትይዛትማ ጥርስ ይኖራት ነበር!» ብዬው የበሬዬን ገመድ ስቤ ሄድኩ። ዋጋ እየጨመረ እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ፤ በጄ አላልኩም። በሬዬን ወዶ እንደ ልጁ ቢንከባከበውስ?