ፎጣ አንግተን የደረስነው ለቅሶ

እሁድ ዕለት ሦስት የቢሮ ልጆች ከአምቦ ተነስተን፣ ከጉደር ወረድ ብላ ጫካው ውስጥ ወዳለች የወንዝ ዳር መንደር ልንዋኝ ሄድን። ከአሸዋው በላይ ዛፎቹ ሥር ድንኳን ተተክሏል። ለእንግዳ ምሳ የሚሸጥበት መስሎን ፎጣችንን እንዳነገትን ገብተን ተቀመጥን። ምን እንዘዝ ስንባባል አንዲት ሴት ከሰፌድ ንፍሮ ዘግና መዳፋችን ላይ አደረገችልን። ለቅሶ ቤት መግባታችን ያኔ ገባኝ፤ ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ።

ጥቁር የለበሰች እናት መጥታ ፊታችን ቆመች። «ከአምቦ ናችሁ? የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኞች ናችሁ?» አለች። አምቦ ይማር የነበረ ልጇን ወንዙ ወስዶባት ኖሯል። እውነቱን ልናገር ስል ባልደረባዬ ጫልቱ ቀድማኝ «አዎ፣ እናቴ» አለቻት። ሴትየዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኛም አለቀስን፤ እንባው ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባትየው ኦቦ ዲንቃ እስከ መንገዱ ሸኙን። «ኦቦ፣ እኛ እኮ...» ብዬ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ። ፎጣ አንግቶ ለቅሶ የሚመጣ የለም፤ ስትገቡ አይቻችኋለሁ። እሷ ግን ከከተማ ማንም አልመጣለትም እያለች ነበር የምታለቅሰው። ዛሬ እህል ትቀምሳለች።»