ጣራ ላይ የታሰረችው ብስክሌት

ከደሴ ወደ ውጫሌ የሚሄደው ሚኒባሳችን ጣራ ላይ አንዲት ብስክሌት ታስራለች። ብስክሌቷን ያስጫኗት፣ የሐይቅ ከተማ ሰው የሆኑ ሽማግሌ፣ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ወሬውን የጀመረችው አጠገባቸው ያለች የአዲስ አበባ ወጣት ናት።

«አባባ፣ እኛ ጋ እኮ ለብስክሌት ብቻ መንገድ ተሠርቶለታል።»

«ሰምቻለሁ። ይነዱበታል?»

«እ... ገና እግረኛው ነው የሚበዛበት።»

«ባሕር ዳር ግን ሴት ወንድ ሳይል ሲነዳ አይቻለሁ። ማሻአላህ!»

«ሐይቅስ ሰዉን ማን ያበረታታል?»

«እኔ ነኛ! መስጊድ በብስክሌት ስሄድ መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ጁምዓ ጁምዓ በሩ ላይ ማቆሚያ ይጠፋል።»

«ታዲያ ይቺ ጣራ ላይ ያለችው ሁለተኛዎ ናት?»

«የባለቤቴ ናት።»

«ኧረ! እሳቸው መንዳት ይችላሉ?»

«ትለምዳለቻ። ‹እስከ መቼ ከኋላህ ተፈናጥጬ ጀርባህን ሳይ እኖራለሁ? እኔም ሐይቁን ልየው እንጂ› አለችኝ።»

«ሰው አይስቅባቸውም?»

«ይሳቅ ልጄ። በእኔ የሳቀው ነው ዛሬ የሚነዳው።»

መውረጃዬ ውጫሌ ነበር፤ ብስክሌቷ ከጣራ ስትወርድ ግን እኔም ባለቤታቸው ሲነዷት ልይ ብዬ ሐይቅ ላይ ወረድኩ።